ወልድያ እና ወልዲያ

የተማሪ መጽሔት ድረ ገጽ ሊሠራ ነው ሲባል ብዙ ሰው ስለ ቀለሙና ስለ ሥዕሉ ይጠይቃል። እኔ የምጠይቀው ስለ ፊደሉ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያስ ያዘጋጀው «አእምሮ» ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። የተቸገሩት በሐሳብ ሳይሆን በማባዣ ነው።

የኮምፒውተሩ ዘመን ሲመጣም ያው ችግር መልኩን ለውጦ ተመለሰ። የቀድሞዎቹ ፎንቶች ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበራቸው፤ የእኛ ሆሄያት ግን ከነዲቃሎቻቸውና ከነቁጥሮቻቸው ከ300 ይበልጣሉ። ስለዚህ ፎንት ሠሪው ሁሉ ፊደሉን እንደመሰለው በላቲኑ ቦታ ላይ አሰፈረ፤ አንዱ ለሁለት ከፈለው፣ ሌላው በቁራጭ እየገጣጠመ ሠራው። በአንዱ ፎንት የተጻፈ ግጥም ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። በዚያ መንገድ ወጥተው ዛሬ የሚያነባቸው ያጡ ወጎችን ሳስብ ይቆጨኛል።

መፍትሔው የመጣው በአውሮፓውያን 1999 ነው። ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ 345 ሆሄያትን፣ ምልክቶችንና ቁጥሮችን ተቀብሎ ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ ቁጥር ሰጠ። የሚገርመው፣ «ንያላ» የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ለገበያ የቀረበው በእኛው 1999 ዓ.ም. ነበር። በሁለቱ 1999ዎች መካከል ከሰባት ዓመት በላይ አለ፤ እስከዚያ ተራው አንባቢ ፎንቱን ራሱ ፈልጎ ይጭን ነበር።

እንግዲህ ዛሬ መርሳ ወይም ወልድያ ላይ ለመመረቂያው የመጽሔት ድረ ገጽ የሚሠራ ተማሪ ይህ ጣጣ አልፎለታል? በግማሹ። የቀረውን ለማየት የገዛ ከተማውን ስም ይፈልግ። አንዱ ጸሐፊ «ወልድያ»፣ ሌላው «ወልዲያ» ይላል፤ ወረዳውንም አንዱ በሃሌታው «ሀብሩ»፣ ሌላው በሐመሩ «ሐብሩ» ብሎ ይጽፋል። ለሰው አንድ ነው፤ ለማሽን ግን «ድ» እና «ዲ» ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ካልቆጠረ የመጽሔቱ ግማሽ ለአንባቢው እንደሌለ ነው። ይህ ግን በፍለጋው ማውጫ ብቻ ይደረግ እንጂ ጽሑፉ አይነካ፤ በንጉሡ «ሠ» የጻፈ ደራሲ «ሠ»ው ይቆይለት። ገጹን በፎቶ አንስቶ መለጠፍማ ጭራሽ አይታሰብ፤ በፎቶ ውስጥ ያለ ቃል አይፈለግም፣ በደካማ ኔትወርክም ቶሎ አይከፈት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ የማቆየቱ ነገር ነው። የወሎው ተወላጅ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. «ታገል» በተሰኘው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያወጣው ጽሑፍ፣ ይወደድም ይጠላም፣ ዛሬም የምንከራከርበት ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተባዛ ስለ ቆየን ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ስታልፍ ግን ዩኒቨርሲቲዋ ከዝርፊያና ከውድመት አልተረፈም። በአንድ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ብቻ የተቀመጠ ሥራ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ተማሪዎች ምክር ሲጠይቁኝ ከመልኩ አስቀድሜ ሦስት ቅጂ እላለሁ፤ አንዱ በድረ ገጹ፣ ሌላው በሌላ ከተማ በሚኖር ወዳጅ እጅ፣ ሦስተኛው በወረቀት። የወረቀቱን ሳነሣ የሚስቁ አሉ። የማተሚያውን ሒሳብ ግን እኔው እከፍላለሁ ብያቸዋለሁ።