የፑሽኪን ቅድመ አያት፦ ሎጎ ወይስ ሎጎን?

ልደቱ በየዓመቱ ግንቦት 29 ቀን የሚታሰበው ሩሲያዊው ባለቅኔና ደራሲ አሌክሳንደር ፑሽኪን ባረፈ በመቶኛው ዓመት፣ በ1937 እ.ኤ.አ.፣ አጭር ልቦለዱ «ላ ዳም ደ ፒክ»፣ ማለትም ከመጫወቻ ካርታዎች አንዷ የሆነችው ጥቁር ንግሥት፣ በሚል ርእስ የፈረንሳይ ታሪካዊ ፊልም ሆኖ ቀረበ። አዘጋጁ ትውልደ ሩሲያዊው ፊዮዶር ኦዜፕ ሲሆን፣ ከተዋንያኑ አንዱ ፒየር ብላንሻር ነበር።

በልቦለዱ ውስጥ አሮጊቷ ካውንቴስ ቁማር የሚያስበሉትን የሦስት ካርታዎች ምሥጢር ያገኘችው በወጣትነቷ በፓሪስ ነው፤ የደራሲው የእናቱ አያት አብራም ጋኒባልም ከ1717 እስከ 1723 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ቆይቶ የምሽግና የመድፍ ሙያ ተምሮ ተመልሷል። ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ወደ ቁስጥንጥንያ፣ ከዚያም ወደ ሩሲያ ተወስዶ ታላቁ ጴጥሮስ ክርስትና ያነሣው፣ በኋላም እስከ ጄኔራልነት የደረሰ ሰው ነው።

ክርክሩ የተነሣው በትውልድ ቦታው ላይ ነው። ጋኒባል በ1742 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ኤልሳቤጥ ባቀረበው ማመልከቻ በአፍሪካ፣ በአባቱ ግዛት፣ «ላጎን» በተባለ ከተማ መወለዱን ሲገልጽ፣ የሐበሻ ስም አላነሣም። «ሐበሻ» የሚለውን ያመጣው አማቹ ሮትኪርህ በጀርመንኛ የጻፈው የሕይወት ታሪክ ሲሆን፣ ይኸው ጽሑፍ ላጋን የተባለች እኅቱ ወንድሟን የጫነውን መርከብ በዋና ተከትላ ባሕር ውስጥ እንደቀረች ይተርካል፤ ልብ የሚነካ ቢሆንም ለማስረጃነት አይበቃም። ፑሽኪን ራሱ የተከተለው ይህንኑ ጽሑፍ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ዲሚትሪ አኑቺን የተባለው ሩሲያዊ ምሁር ላጎንን ከመረብ ማዶ ካለው ሎጎ ጋር አገናኘው፤ ቤኒናዊው ዲየዶኔ ኛማንኩ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ቦታው በዛሬዋ ካሜሩን የሚገኘው ሎጎን ቢርኒ ነው ሲል ሞገተ። ሎጎን የከተማም የግዛትም ስም በመሆኑ፣ «በአባቱ ግዛት ያለ ከተማ» ከሚለው የማመልከቻው ቃል ጋር ይበልጥ ይገጥማል።

አዲስ አበባ በሳር ቤት አካባቢ አደባባይ ሰይማለታለች፣ አስመራም ሐውልት አቁማለታለች፤ ሁለቱም ከፑሽኪን ጋር የሚቆጥሩት ዝምድና ግን በጋኒባል በራሱ ቃል ላይ የቆመ አይደለም።