በቦዩ ልክ የተሠራች መርከብ



የመርከብ ታሪክ በተነሣ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ውቅያኖስ አቋራጩ ታላቅ መርከብ ነው። የዛሬው ንግግራችን ግን ርዝመቷ 20 ሜትር ያህል ስለ ሆነችው፥ ፓፈር ስለምትባለው የእስኮትላንድ የእንፋሎት መርከብ ይሆናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ቤል የተባለው ሰው በ1812 ዓ.ም. ኮሜት የተባለችውን መርከብ በክላይድ ወንዝ ላይ ለመንገደኞች ማመላለሻ ካሰማራ ወዲህ፥ በእንፋሎት መጓዝ በዚያ አገር የተለመደ ነገር ሆነ። ይሁን እንጂ በምዕራቡ ባሕር ከሚገኙት ደሴቶች ብዙዎቹ የመርከብ መቆሚያ ድልድይ አልነበራቸውም። የድንጋይ ከሰል በጊዜው ካልደረሰ ደግሞ በብርዱ ወራት ምድጃው ይጠፋል። ታላቁ መርከብ ወደ ጥልቅ ወደብ እንጂ ወደ እነዚህ መንደሮች ሊጠጋ አይችልም ነበር።

የችግሩ መፍትሔ የተገኘው ከባሕር ሳይሆን ከቦይ ነው። በ1790 ዓ.ም. የተከፈተው የፎርዝና የክላይድ ቦይ የአገሪቱን ወገብ አቋርጦ ምሥራቁን ባሕር ከምዕራቡ ያገናኛል። መሬቱ ከፍና ዝቅ የሚል ስለ ሆነ፥ መርከቦች የሚወጡትና የሚወርዱት በሮቻቸው እየተዘጉ ውሃ በሚሞላባቸውና በሚጎድልባቸው ክፍሎች ውስጥ እየገቡ ነው። በ1856 ዓ.ም. ቶማስ በተባለች የብረት ጀልባ ላይ የእንፋሎት ሞተር ሲተከል፥ የአዲሱ ዐይነት መርከብ ታሪክ ተጀመረ። የፓፈር ርዝመት 66 ጫማ የሆነውም በእነዚያ ክፍሎች ልክ ለመግባት ነው።

ስሟም የመጣው ከአሠራሯ ነው። የቦዩ ውሃ ጨው የሌለበት ስለ ሆነ፥ ሞተሩ የተጠቀመበትን እንፋሎት ፓፍ ፓፍ እያሰኘ በጢስ ማውጫው ይተፋና ጋኑን እንደገና ከቦዩ ይሞላ ነበር። ወደ ባሕር በወጣች ጊዜ ግን የባሕር ውሃ በጋኑ ውስጥ ጨው እየጋገረ የሚያበላሸው ሆነ። ስለዚህ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ወደ ውሃ የሚመልስ መሣሪያ ተጨመረላት። ድምፁ ቀረ፤ ስሙ ግን ጸና።

ሞተሩና ጋኑ ከኋላ፥ የጭነቱ ጕድጓድ ከመካከል፥ የመርከበኞቹ ጠባብ መኝታ ከፊት ነበር። ከምሰሶው ሥር በእንፋሎት የሚዞር ዕቃ ማንሻ ስለ ተተከለ፥ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ሥራውን ይችሉት ነበር። ከሁሉ የሚደነቀው ግን ጠፍጣፋው ሆዷ ነው። የባሕሩ ውሃ በሞላ ጊዜ ወደ ዳር ትጠጋለች፤ በጎደለ ጊዜ በአሸዋው ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። በዚህን ጊዜ የመንደሩ ሰው ጋሪውን እየነዳ እስከ አጠገቧ መጥቶ ከሰሉን ይጭናል። ውሃው ሲመለስ ተንሳፋ ትሄዳለች።

በቦዩ ዳር ባለችው በከርኪንቲሎክ ከተማ የነበሩት ሠሪዎችም እንዲሁ ለቦታው ይጠነቀቁ ነበር። ቦዩ ጠባብ ስለ ሆነ፥ አዲሲቱን መርከብ በአፍንጫዋ ሳይሆን በጎኗ ወደ ውሃ ይገፏት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዝ መንግሥት ለባሕር ኃይሉ ስንቅና መሣሪያ የሚያመላልሱ መርከቦችን በዚሁ ንድፍ አሠርቷል።

ከጦርነቱ በኋላ ግን መኪና ከነጭነቱ የሚያሻግሩ መርከቦች እየበዙ ሄዱ። ቦዩም በ1963 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በ2001 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት የፓፈር ዘመን አልፎ ነበር።

አባቶቻችን «እንደ አገሩ ይኖሩ፥ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ይላሉ። የፓፈር ሠሪዎች መርከቧን ከመንደፋቸው አስቀድሞ የቦዩን በር፥ የዳርቻውን አሸዋና የመንደሩን ጋሪ መዝነዋል። ለሕዝብ አገልግሎት ዕቅድ የሚያወጣ ሰውም አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ሥራው ምን ያህል ይገዝፋል?» ብሎ ሳይሆን፥ «ከተቸገረው ሰው ደጃፍ ይደርሳልን?» ብሎ ነው።