የአንድ ምሽት ፕሮግራም፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.

አንድ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ በአንድ ቀን ውስጥ የሚያቀርባቸው ዝግጅቶች ብዙና የተለያዩ ናቸው። ዜናው፣ የሕፃናት ተረቱ፣ ሙዚቃው፣ ድራማውና የውጭ አገር ፊልሙ እየተከታተሉ በአንድ መስኮት ያልፋሉ። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚቀርብ መወሰን በተለምዶ ተራ የቢሮ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ግን ይህ ሥራ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የታየበት አንድ ምሽት አለ። ይኸውም የ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ምሽት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር። ዕለቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የሚከበርበት ቀን በመሆኑ ምርጫው በአጋጣሚ የተደረገ አልነበረም። ጣቢያውን በማቋቋም ረገድ ቶምሰን የተባለው የብሪታንያ ድርጅት እርዳታ ያደረገ ሲሆን፣ ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ተደራጀ። ሥርጭቱ በጥቁርና ነጭ፣ በምሽት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚተላለፍ፣ ከዋና ከተማውና ከአካባቢው የማይርቅ ነበር። መቀበያውን ለመግዛት አቅም የነበረው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በምሽት የጎረቤት መሰብሰቢያ መሆኑ የተለመደ ነበር።

በእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚቀርበው ዝግጅት የራሱ ልማድ ነበረው። ሕፃናት የተስፋዬ ሳህሉን ተረት ይጠባበቃሉ፤ አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የታወቁት እኚህ የመድረክ ሰው ከጣቢያው ጋር ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች አውግተዋል። ዜናው የንጉሠ ነገሥቱን የዕለት ተግባር፣ የጎበኙትን ሥፍራና የተቀበሏቸውን እንግዶች ያስቀድማል። ከዚያም ሙዚቃና ፊልም ይከተላል። ቤተ መንግሥቱ በየምሽቱ በመስኮቱ ይታይ ነበር ማለት ይቻላል። ገጠሩ ግን፣ በተለይም የተቸገረው ገጠር፣ በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

የወሎ ረሃብ የደረሰው ጣቢያው በዚህ ልማድ ላይ ሳለ ነው። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ በመታጎሉና የመንግሥት እርዳታ በመዘግየቱ ሕዝቡ ቀዬውን እየለቀቀ ወደ አውራ ጎዳናው ዳር ወረደ። የሟቾቹን ቁጥር ጥናቶች ከ40,000 እስከ 200,000 ባለው መካከል ይገምቱታል። በ1965 ዓ.ም. ወደ ሥፍራው የሄዱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዘው ተመልሰው በግቢው ውስጥ አሳዩ። በጣቢያው የምሽት ፕሮግራም ላይ ግን ለውጥ አልመጣም።

ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ያዘጋጀው ፊልም፣ «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ርእስ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ቀረበ። የተመለከተው ሕዝብ ፈጥኖ ከፍተኛ የእርዳታ ገንዘብ አዋጣ። የለንደን ሕዝብ ያየውን የአዲስ አበባ ሕዝብ በራሱ ጣቢያ እስኪያይ ድረስ አሥራ አንድ ወር ገደማ አለፈ።

በእነዚያ ወራት አገሪቱ ተለወጠች። የካቲት 1966 ዓ.ም. የሕዝቡ እንቅስቃሴ ፈነዳ፤ ሰኔ 21 ቀን ደርግ ተቋቋመ፤ በነሐሴ ወር የዘውድ ምክር ቤትና የንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ተሰረዙ፤ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም የመንግሥት ንብረት ተባለ። ሬዲዮውና ጋዜጦቹ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የሚሰነዝሩት ወቀሳ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየበረታ ሄደ። ሆኖም ለብዙ ዘመን በአክብሮት ሲታይ የኖረን ዘውድ በቃል ብቻ ከሕዝብ ልብ ማውጣት ቀላል አልነበረም።

መስከረም 1 ቀን ምሽት ተመልካቹ እንደ ወትሮው የዓውደ ዓመት ዘፈንና የመልካም ምኞት መግለጫ ቢጠብቅ አያስደንቅም። የቀረበለት የዲምብልቢ ፊልም ነበር፤ ያውም እንደ መጀመሪያው ሆኖ ሳይሆን፣ ርእሱ ወደ «ስውሩ ረሃብ» ተለውጦ፣ በመካከሉም ሌሎች ምስሎች ገብተውበት ነበር። የተራቡት እናቶችና ሕፃናት ከታዩ በኋላ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የመጠጥ ብርጭቆና ለንጉሠ ነገሥቱ ውሾች የሚቀርብ ሥጋ ይታያል፤ ከዚያም እንደገና የወሎ መጠለያ ይመጣል። ንጉሠ ነገሥቱም ዝግጅቱን እንዲመለከቱ ከደርግ እንደተነገራቸው በሰፊው ተጽፏል።

የዚያን ምሽት ቅንብር ልብ ብሎ ለመረመረ ሰው ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው፣ ምስሎቹ በየራሳቸው ሲታዩ ሐሰት ያልነበሩ መሆናቸው ነው። ረሃቡ ደርሷል፤ ግብዣውም ተደርጓል። ሁለተኛው፣ ሁለቱ በተለያየ ቀንና ለተለያየ ዓላማ የተቀረጹ ሆነው ሳለ፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማናቸውም ብቻውን ያልተናገረውን ሦስተኛ ነገር መናገራቸው ነው። የወሎ ገበሬ በአንድ ምሽት የበይ ተመልካች ሆኖ ታየ። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ ፍርዱ ያለ ብዙ ሐተታ ተሰጠ። ለዓመታት የዘውዱን ክብር ሲያሳይ የኖረው መስኮት ያን ክብር ለመግፈፍ የጥቂት ሰዓታት ሥራ በቃው።

በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት፣ የደርግ መኮንኖች ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄደው ከሥልጣን መውረዳቸውን የሚገልጸውን ጽሑፍ ለንጉሠ ነገሥቱ አነበቡላቸው። ከዚያም በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን መኪና ተሳፍረው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ዘውዱን የጣለው ፊልሙ ነው ማለት ማጋነን ነው፤ ሠራዊቱ፣ ተማሪው፣ ሠራተኛውና የኑሮው ውድነት አስቀድመው ሥራቸውን ሠርተዋል። ፊልሙ ያደረገው ነገር በመጨረሻው ሌሊት የከተማውን ሕዝብ ርኅራኄ ከንጉሠ ነገሥቱ ማራቅ ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ድብቁን የገለጠ ጣቢያ ታሪክ ሆኖ በቀረ። ከ10 ዓመት በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1976 ዓ.ም. መጨረሻና በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በታላቅ ድምቀት ተከበረ። መደበኛው የቀለም ሥርጭትም ከዚሁ በዓል ጋር ተያይዞ ተጀመረ። ሰልፉ፣ ባንዲራውና አደባባዩ በቀለም ታየ። በዚያው ወቅት በወሎና በትግራይ ከቀድሞው የባሰ ረሃብ ሕዝቡን እየፈጀ ነበር፤ በበዓሉ ሰሞን ዝግጅት ውስጥ ግን ቦታ አልተሰጠውም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢ.ቢ.ሲ. ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው የፊልም ባለሙያ መሐመድ አሚን ከቆረም ያቀረቡት ዘገባ በለንደን ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ በዓለም ዙሪያ ተዳረሰ። የወሎ ረሃብ ዳግመኛ በቅድሚያ የታየው በባዕድ መስኮት ነበር።

የንጉሡን ግብዣ ከረሃቡ ጋር ያጎራበተው የአገዛዝ እጅ የራሱን በዓል ከረሃቡ ጋር አላጎራበተም። የተረፈው ካሜራም ሆነ ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም፤ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ የፈቀደ ሰው ስላልነበረ ነው። በ1967 ዓ.ም. እውነቱ የተገለጠው ለገላጩ በጠቀመ ጊዜና በጠቀመው ቅንብር ሲሆን፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የተሸፈነው ለሸፋኙ በጠቀመ መልክ ነበር። በሁለቱም ጊዜ የወሎ ገበሬ ስለ ራሱ የመናገር ተራ አላገኘም።

ስለዚህ የሙያው ባልደረቦች የአንድን ጣቢያ ያለፈ ዘመን ሲመረምሩ፣ ተለይተው የታወቁትን ዝግጅቶች ብቻ ሳይሆን የዕለቱን ሙሉ ቅደም ተከተል ማየት ይገባቸዋል። ከዜናው በፊት ምን ነበረ? ከዘፈኑ በኋላ ምን ተከተለ? በዚያ ቀን በአገሪቱ ውስጥ ሆኖ ሳለ ከዝርዝሩ የጎደለውስ ምንድን ነው? የአንድ ቀን የፕሮግራም ሰሌዳ ለአላፊ ሥራ የተጻፈ ወረቀት ቢመስልም፣ ማን ለማን ምን እንዲታይ እንደፈቀደ የሚመሰክር ሰነድ ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት መጠበቅና ማኖርም ከሙያው ግዴታዎች አንዱ ሊሆን ይገባል።