ኮርቻው ቢለወጥ ልኩ አይለወጥም

አማርኛችን የብስክሌትን ስም ከጣሊያን ቢዋስም የመቀመጫውን ስም ግን ከፈረስ ወርሷል፤ ኮርቻ እንለዋለን። የሚነዳውንም ሰው ጋላቢ እንላለን። ውድ አንባቢ፣ ውርሱ በቃል ብቻ የቀረ አይመስለኝም። ልምድ ያለው ፈረሰኛ ከአጭር ፈረስ ወደ ረጅም ሲሸጋገር የእርካቡን ጠፍር የሚለካው በራሱ ክንድ ነው፤ የፈረሱ ቁመት አያታልለውም።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖር ብስክሌተኞች የጅማን፣ የአምቦንና የጎጃምን መንገድ ከከባድ መኪና ጋር እንጋራለን። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ሰበታ ቤቴ ውስጥ እለማመዳለሁ፤ ትንሹ ብስክሌቴ ለመንገድ፣ ትልቁ ከመቆሚያ ጋር ታስሮ ለቤት። በደቂቃ 90 ጊዜ የሚያሽከረክር ሰው በአንድ ሰዓት እያንዳንዱን ጉልበቱን 5,400 ጊዜ ያጥፋል። ዝቅ ያለ ኮርቻ የጉልበትን ፊት ይጫናል፤ ከፍ ያለውም ዳሌን ያወዛውዛል።

ይህን ከኤዲ መርክስ በላይ የተረዳ ጥቂት ነው። ቤልጂጋዊው ጀግና እ.ኤ.አ. በ1969 ብሉዋ በተባለች የፈረንሳይ ከተማ በውድድር ላይ ክፉኛ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ሕመሙ አልለቀቀውም፤ በውድድር መካከል ሳይቀር የኮርቻውን ከፍታ ይለዋውጥ ነበር። ሆኖም በ1972 ሜክሲኮ ከተማ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ጋለበ።

ሳይንሱም ከሰውነት ተነሣ። በ1967 ሃምሌይና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከታችኛው ፔዳል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት የውስጥ እግር ርዝመት 109 በመቶ እንዲሆን መከሩ። በ1980ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ የውስጥ እግርን ርዝመት በ0.883 የማባዛትን ስሌት አስፋፋ፤ ይኸኛው የሚለካው ከፔዳል ክንዶች መዞሪያ እምብርት ነው። በሁለቱም ስሌት ውስጥ የፍሬም መጠን የለም።

እኔም ሁለቱን ብስክሌቶች ያስማማሁት በዚሁ እምብርት ነው። በመጀመሪያ መንኮራኩሮቹን በውሃ ልክ አስተካከልሁ። ከእምብርቱ እስከ ኮርቻው አናት ለካሁ፤ ከኮርቻው አፍንጫ ቱንቢ ጥዬ ከእምብርቱ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚያርፍ ጻፍሁ፤ ከአፍንጫው እስከ መሪው ያለውን ርቀትና የከፍታቸውንም ልዩነት ጨመርሁ። ይህ የሚሠራው ሁለቱ ኮርቻዎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። የአንዱ ፔዳል ክንድ በ2.5 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ኮርቻው በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። በትልቁ ፍሬም ላይ መሪው ሲርቅ የሚያጥረው የመሪው አንገት ነው፤ ኮርቻውን ወደፊት መግፋት ጉልበትን ከቦታው ያፈናቅላል።

በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ጸሐዬ ባህታና ኃይሉ ፋና ኢትዮጵያን ወክለው በሜልቦርን ኦሎምፒክ ጋለቡ፤ በቡድን ዘጠነኛ ወጡ። የውጤት ሰንጠረዥ ስምና ደረጃን ይይዛል፤ የኮርቻን ከፍታ አይዝም። ያን የሚይዘው ጋላቢው ራሱ ነው። ስለዚህ ልክህን በወረቀት ጽፈህ አኑር፤ ብስክሌት ይሸጣል፣ ይሰበራል፣ ይሰረቃልም። ልኩ ግን ካንተ ጋር ይቀራል።