ወንድሙን የሚወድ በልመናው አያፍርም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ሐዋርያው ቅዱስ ዮሐንስ በአንደኛው መልእክቱ ምዕራፍ 3 የጸሎትን ድፍረትና የወንድምን ፍቅር አያይዞ ያስተምረናል። ኅሊናው የሚከሰው ሰው እጁን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ ይፈራል፤ ለባልንጀራው የራራ ግን እንደ ልጅ ቀርቦ ይለምናል። ይህንንም የስሜን ተራራና የግርጌው አገር ታሪክ ያስረዳናል።

የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ከአክሱም ወጥቶ ዕድሜውን በስሜን እንደፈጸመ ይነግረናል። ዛፍ ለመውጣት ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ የወጣውን ትል አይቶ ተስፋው የጸናለት ይህ አባት፥ በእንግድነት በገባበት አገር በጸሎት ኖረ። ስሜን ከጥንት ጀምሮ የእንግዳ ማረፊያ ነበረ ማለት ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ በዚሁ አገር ሌላ ነገር ሆነ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሊነግሡባት አስበው የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በስሜን አሠርተው ነበር። ነገር ግን በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር ደጃዝማች ካሣ ድል አደረጓቸውና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው፥ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ድል የሆኑትን ውቤን አሰሯቸው እንጂ አልገደሏቸውም።

አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ኀዘን የንጉሡን ልብ ለወጠው። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደን በጎንደር አጠገብ በዐመፀኞች እጅ ቆስሎ ሞተ። በ1853 ዓ.ም. ደግሞ ታማኛቸው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ፥ ማለት እንግሊዛዊው ዮሐንስ ቤል፥ ዐመፀኞቹን ሲወጋ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ንጉሡ በደባርቅ በተማረኩት ሰዎች ላይ በቀላቸውን አወጡ፤ ብዙ እስረኞችም ተገደሉ።

እኛ በነፍሳቸው ላይ ፈራጆች አይደለንም፤ ለአገር አንድነት የደከሙትን ድካም አንረሳም። ይሁን እንጂ ይህን እናስተውል፤ የተቀቡባት ደረስጌና ደም የፈሰሰባት ደባርቅ በአንድ የስሜን አገር ያሉ ናቸው። የተቀደሰው ቅባትና የበቀል ሰይፍ በአንድ ሰው ሕይወት እንደ ተገናኙ፥ ዛሬም ማለዳ የሚያስቀድስ እግር ማታ ደም ሊመልስ ሊሄድ ይችላል። የሞቱት ወዳጆች ግን በበቀሉ አልተነሡም።

በዘመናችንም ፈተናው ተመልሶ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ስሜን ግርጌ ሲደርስ፥ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ሸሸ። በነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ዓመት ደግሞ፥ በትግራይ በማይ ዐይኒና በአዲ ሐሩሽ ተጠልለው ለነበሩ የኤርትራ ስደተኞች በዳባት አጠገብ አለምዋጭ በተባለው ስፍራ ሌላ መጠለያ ተዘጋጀ፤ 25 ሺህ ያህል ሰው እንዲያሳርፍም ታቅዶ ነበር። እንግዲህ አንዲት አገር በአንድ ዓመት ውስጥ ሙታኗን ቀበረች፥ እንግዳም ተቀበለች።

ልጁን የቀበረ አባት የበደሉትን ይቅር እንደሚል በአባታችን ሆይ ጸሎት ሲናገር ቃሉ በጉሮሮው ይያዛል፤ ይህን እናውቃለን። ቤተ ክርስቲያን እንባውን አትከለክለውም፥ ፍርድ አትጠይቅ ብላም አትዘጋበትም። ፍርድ ለዳኛ ነው፤ በቀል ግን ለእግዚአብሔር ነው። በደሉን ያልሠራውን ሰው በቋንቋው ወይም በትውልዱ ምክንያት መጥላት ግን ፍርድ አይደለም፤ ሌላ በደል ነው።

ስለዚህ፥ ምእመናን ሆይ! ደም ያቃባችሁ ብትሆኑ ጠመንጃውን ከማንሣታችሁ በፊት ሽማግሌና መስቀል የያዘ ካህን ላኩ። መባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤተ መቅደስ ስትሄዱ የተጣላችሁትን ወንድም አስቀድማችሁ ታረቁት፤ ጌታችን በተራራው ስብከቱ ያዘዘን ይህን ነው። በብርድ ሌሊት በር የሚመታውን ስደተኛ አስገቡት፤ ያላችሁ አንድ እንጀራ ቢሆንም ቁረሱለት። ከዚያ በኋላ በጸሎት ስትቆሙ የምትለምኑት ወዲያው ባይፈጸም እንኳ፥ አትፍሩ፤ እንደዚያች ትል ደግማችሁ ውጡ። ለሌላው በሩን የከፈተ ሰው የአባቱን በር ሲያንኳኳ አያፍርምና።

አምላካችን በመካከላችን ፍቅርን፥ በአገራችን ሰላምን ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።