ክረምትና የጎንደር ከተማ

የከተማን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ነገሥታቱንና ግንቡን ያነሣል፤ ዝናቡን ግን ይዘነጋል። እኛ የጎንደርን አመሠራረት ስንመረምር ከንጉሡ ፈቃድ ጋራ የክረምቱንም ኀይል እናገኛለን።

ከዐፄ ፋሲለደስ አስቀድሞ የነበሩት ነገሥታት በበጋ ከሠራዊታቸው ጋራ ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ በድንኳን ይሰፍሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ አጋሰሱም መራመድ ይሳነዋል። ስለዚህ ዝናቡ እስኪያባራ በአንድ ስፍራ መክረም ግድ ነበር። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በጉዛራ፣ ዐፄ ሱስንዮስም በጎርጎራና በደንቀዝ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ጎንደርን ሲቈረቍሩ፣ የክረምት ማረፊያ የነበረው ልማድ ወደ ቋሚ መናገሻነት ተለወጠ።

ይሁን እንጂ ከተማ ያለ እህል አይቆምም። ዛሬ አምባ ጊዮርጊስ የምትገኝበት የወገራ ደጋ፣ ይኸው ክረምት ባበቀለው ገብስና ስንዴ ጎንደርን ይመግብ ነበር። እስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. በወገራ አልፎ ጎንደር ከገባ በኋላ፣ በዚያውና በተከታዩ ዓመት ክረምት የዘነበውን ዝናብ እየለካ ጽፏል።

እንግዲህ ግንብ ያሠሩት ነገሥታት ስማቸው ተጽፏል፤ ዝናቡም ልኩ ተጽፏል። በብርድና በጭቃ አርሶ ከተማዪቱን የመገበው የወገራ ገበሬ ግን ስሙ አልተጻፈም። ለተማሪዎቻችን የጎንደርን ታሪክ ስናስተምር፣ ከግንቡ ጋራ እርሻውንም ብናሳያቸው ታሪኩ ሙሉ ይሆናል።