ሩዝና ጥንቸል፤ የአንድ የምግብ ምልክት ታሪክ

ሐሳብን በሥዕል መግለጽ ከፊደል የቀደመ ጥበብ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚላኩት፣ ኢሞጂ የተባሉት ጥቃቅን ሥዕሎች ግን የቅርብ ጊዜ ውጤቶች ናቸው። ስማቸው ጃፓንኛ ሲሆን፣ «ኤ» ሥዕል፣ «ሞጂ» ደግሞ ፊደል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሺጌታካ ኩሪታ ኤንቲቲ ዶኮሞ ለተባለው የጃፓን የስልክ ኩባንያ 176 ምልክቶችን ነደፈ፤ እያንዳንዱም ምልክት በ12 በ12 ነጥቦች የተዋቀረ ነበር። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ገባ። ኢሞጂዎቹ በብዛት ወደዚሁ ሥርዓት የገቡት በ2010 ሲሆን፣ በጎድጓዳ ሳሕን ለቀረበው ሩዝ 127834፣ ለጥንቸል ፊት ደግሞ 128048 የሚል ቁጥር ተሰጠ።

ቁጥሩ የሚወስነው የምልክቱን ማንነት ብቻ ነው፤ ትርጉሙ በተጠቃሚው እጅ ይቀራል። የዚህ ልዩነት ክብደት በ2018 በቻይና ታየ። በዚያ ዓመት መባቻ፣ በቤይጂንግ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት የተመረቀች አንዲት ሴት የቀድሞ መምህሯን በጾታዊ ትንኮሳ ከስሳ ዌይቦ በተባለው ማኅበራዊ መገናኛ ጻፈች። ዩኒቨርሲቲውም በዚያው ወር መምህሩን ከኃላፊነቱ አነሣ። ሌሎች ሴቶችም ደፍረው መናገር ሲጀምሩ፣ በ2017 ከአሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው «ሚ ቱ»፣ ማለትም «እኔም» የሚለው መፈክር በሳንሱር ይታገድ ጀመር።

በቻይንኛ ሩዝ «ሚ»፣ ጥንቸል «ቱ» ይባላሉ። ስለዚህ የሩዙ ሳሕንና ጥንቸሏ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተከለከለውን ቃል ያሰማሉ። ለማያውቅ ሰው የምሳ ወግ ይመስላል፤ ለሚያውቅ ግን ምስክርነት ነው። ቅኔ ሲዘረፍ እየሰማ ላደገ ሰው ዘዴው እንግዳ አይሆንም፤ ሰሙ ሩዝ፣ ወርቁ «እኔም» ነው።

አንድን ቃል ለይቶ ማገድ ለመሣሪያ ቀላል ሥራ ነው። ሚሊዮኖች ስለ እራታቸው ሲጫወቱ የሚልኩትን የሩዝ ሥዕል ማገድ ግን የዕለት ኑሮን ወግ ማቋረጥ ይሆናል። ይህ ማለት ዘዴው የማይደፈር ምሽግ ሆነ ማለት አይደለም፤ ሳንሱር አድራጊውም ውሎ አድሮ ቅኔውን መፍታት ይማራልና። ቢሆንም ለአጭር መልእክት ማሳመሪያ የታሰበ ጥቃቅን ሥዕል፣ አንደበታቸው ለተያዘባቸው ሴቶች የመናገሪያ ጊዜ አስገኝቶላቸዋል።